የተረከዝ ድንጋይ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣
ከመኪናው ጋር ስጣላ፣ ከመኪናው ጋር ስታረቅ፣
ክር ሲበጠስ ስቀጥል፣ ጥቅል ስይዝ ጥቅል ስለቅ፣
ጆሮዬን እዚያ ረሳሁት።
ጡረታ የወጣሁ ለታ
ወረቀት ሰጡኝ፣ ጃንጥላ፣ የግድግዳ ሰዓት በስጦታ፤
ጆሮዬን ማን ያስታውሰው? ቀረ እዚያው፣ ከክሩ ተርታ።
ድምፁ ግን፣ ያ ጓ-ጓ-ጓው፣ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ
ትራሴ ስር ገብቶ ያድራል፣ እንቅልፌን እኩል ተካፍሎኝ።

ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ፣ ጎሕ ሲቀድ ሁሌ የማየው
ወደ ሐርቡ አንድ ጉብታ አለ፣ ቡጢ አናቱን እንደመታው
ጎድጎድ ያለ።
ምንነቱን ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም፤
እንጀራ የያዘው ዓይን፣ ተራራ አይጠይቅም።

ዘንድሮ ጦይብን ቀጠርኩ፤ አስጎብኚ ነው፣ ልጅ እግር፣
ዲግሪውን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ፣ በገዛ እግሩ የሚኖር።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መጣ፣ ባትሪ ግንባሩ ላይ አስሮ፤
የሚለው አይሰማኝ፣ አይታየኝ፤ ብርሃኑ ዓይኔን ሰርስሮ።
«እኔ ከንፈር ነው የማነበው» አልኩት።
ቆመ። ትንሽ አሰበና
ባትሪውን ከግንባሩ ፈታ፤ ከአገጩ ስር ያዘውና፣
እንደ ጅን ፊቱን አብርቶ፣ «አሁንስ፣ እትዬ መዲና?»
ሳቄ ከአቀበቱ ቀደመኝ።

ከዚያ ወዲያ ሽቅቡን የኋሊት እየሄደ ነው ያስረዳኝ፤
ቁልቋል ጀርባውን ሲወጋው፣ እሱን እያመመው እኔን እያሳቀኝ።
«ይህ የረገጥነው ድንጋይ ድሮ ፈሳሽ ነበር፣ እሳት፤
ፈሰሰ፣ ፈሰሰ፣ ደክሞት ተጋደመ አንድ ሌሊት።»
«ስንት ዓመቱ?» አልኩት።
ጣቱን ዘርግቶ ቆጠረ፣ ቆጠረ፣ መቁጠሩን ተወና
«ጡረታ ከወጣ ቆይቷል» አለ፣ በዓይኑ ጠቀሰኝና።
የጠጠሩን መንኮሻኮሽ እኔ በጉልበቴ ሰማሁት።

አፋፉ ላይ ስንደርስ አልነጋም። ጋቢዬን ደርቤ ቁጭ አልኩ።
በአፋር በኩል፣ ቀስ እያለ፣ የቀለም በርሜል ሲከፈት አየሁ፦
መጀመሪያ ያልታጠበ አቡጀዲ፤ ቀጥሎ የአመድ ሻሽ፤
ከዚያ ቁጥር ዐሥራ አራት ብርቱካን፣ ጠርዝ ጠርዙን ሲያበላሽ፤
ዳር ላይ ደምቆ መሐል ሳስቶ፣ የትም የማይስተካከለው።
የፈረቃችን አለቃ፣ ያ አቶ ሽበሺ ቢያየው፣
«ይመለስ!» ይል ነበር፣ «ማነው ይህን የነከረው?»
ታች ቦርከና፣ ከማጠንጠኛ አምልጦ እንደወደቀ ክር።
ፋብሪካዬ፣ ወዲያ በሩቅ፣ የክብሪት ቀፎ ነው የሚያክል።
ለዚህች ነው እንዴ?
ጦይብ ፊቴን አየና ምንም ሳይናገር ጎንበስ አለ፤
ቀዳዳው የበዛ ድንጋይ፣ ከላባ የቀለለ፣
መዳፌ ላይ አኖረልኝ።
ይህንንማ አውቀዋለሁ!
ሰኞ፣ ከባቲ ገበያ፣ እናቴ በስሙኒ የገዛችው፣
እኔም እስከ ዛሬ ድረስ ከሳሙናው ጎን የማስቀምጠው።
ለካ ዕድሜ ልኬን፣ ሳላውቅ፣ ይህን ንቃቃቴን፣
በእሳተ ገሞራ ስፈገፍግ ኖሬአለሁ ተረከዜን።

ፍል ውሃው ከታች፣ የሴቶቹ በግራ በኩል ነው።
አንዷን ሪህ፣ አንዷን ወገብ፣ አንዷን ስሟን የማትነግረው።
«አፊያ ያድርግልሽ» ብለው ጥግ ለቀቁልኝ።
መጀመሪያ ጣቴ፣ ከዚያ ጉልበቴ፣ ከዚያ «እፍፍ!» እያስባለኝ
እስከ አንገቴ። ከዚያ ትንፋሼን ይዤ ሰጠምኩ፣ ከነጆሮዬ።
ሰማሁ።
ጓ-ጓው አይደለም። ሌላ ነው፤ ከሥር፣ ከውሃውም ሥር፣
ድም... ድም... እያለ፣ ሳይቸኩል የሚዞር፤
ክር የማይበጠስበት፣ አለቃ የማይጮህበት፣
የሌሊት ፈረቃ፣ ተረኛ የማይቀየርበት።
ምናልባት የገዛ ደሜ ነው። ይሁን።

ወጥቼ ጠጉሬን ሳደርቅ፣ ጦይብ ከግራሩ ስር ነበረ።
«ዋሽተኸኛል፤ ጡረታ አልወጣም፤ ሲሠራ ነው ያደረ»
አልኩት። ጆሮው ላይ ሽቦ ሰክቶ ዘፈን ውስጥ ነው፤ አልሰማኝም።
ዓይኑን ግን አጠበበ፤ ከንፈሬን አየ፤
ከዚያ አንድ እግሩን ከመሬት አነሣ፣
የተኛ እንደረገጠ ሰው።